የሕፃኑ ጭንቅላት ጠፍጣፋ ሆነ፣ አንገቱ ዘመመ፦ ከየት እንጀምር?

የጨቅላ ጭንቅላት በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ "በቅቤ እሺው" ትላለች። ሌላዋ ትራስ ታስቀይራለች። ሦስተኛዋ "የአባቱን ጭንቅላት ወርሶ ነው" ብላ ትገላገላለች። እኔ ብጠየቅ ግን መጀመሪያ አንገቱን እዩ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት መቼ እንደጀመረ አስታውሱ። ሲወለድ ነበረ? በሳምንታት ውስጥ መጣ? ወይስ ትናንት? ከዚያ ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና አናቱን ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። በስልክ ፎቶ አንሱት። ሐኪሙም ለማወዳደር ይጠቅመዋል።

ጭንቅላቱ ወደ አንድ ትከሻ ያዘነብላል፣ አገጩ ወደ ሌላው ይዞራል

ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ እስከ ደረት አናት የሚወርድ ጡንቻ አለ። የቀኙ ካጠረ ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አገጩ ወደ ግራ ይዞራል። አንዱን ጡት ጥሩ አድርጎ ይጠባና ሌላውን ሲሰጡት የሚነጫነጭ ልጅም ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል አንገቱ ላይ ጠንካራ እብጠት ሊዳሰስ ይችላል። እናት ስትነካው ትደነግጣለች። አብዛኛውን ጊዜ የወፈረው ራሱ ጡንቻው ነው፤ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይጠፋል። ምንነቱን አልትራሳውንድ ይለየዋል። አታስበጡት፣ አታስተኩሱት፣ በኃይልም አትሹት።

መፍትሔው ማሳሳብ ነው። ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ በደንብ ካሳያችሁ ዳይፐር በቀየራችሁ ቁጥር ቀስ ብላችሁ ቤት ውስጥ ትሠሩታላችሁ። ልጁ መዞር በማይፈልግበት በኩል ሆናችሁ አጫውቱት፣ ከዚያው በኩል አጥቡት። ነቅቶ ሳለ እያያችሁት በሆዱ አስተኙት። ሦስት ወር ሳይሞላው ከተጀመረ አብዛኛው ልጅ ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ዛሬ ነገ እየተባለ ከቆየ ግን ሥራው ይከብዳል። ዳሌውንም አስመርምሩ። አንገቱ እንዲህ የሆነ ልጅ የዳሌ መገጣጠሚያው የላላ የመሆን ዕድሉ ከሌሎች ይበልጣል።

የኋላ ጭንቅላቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው

በጀርባው ተኝቶ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ልጅ ላይ የሚመጣ ነው። በተለይ አንገቱ እንደልብ ካልዞረለት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 እ.ኤ.አ. ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ ከመከረ ወዲህ የጨቅላዎች ድንገተኛ ሞት በእጅጉ ቀንሷል፤ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ግን በዝቷል። ስለዚህ ለቅርጹ ብላችሁ ሌሊት በሆዱ እንዳታስተኙት። መሃሉ የጎደጎደ "የጭንቅላት ማስተካከያ" ትራስም አትግዙ፤ ሊያፍነው ይችላል።

ጆሮውን እዩ። በጠፈጠፈው ወገን ያለው ጆሮና ግንባር ወደ ፊት ከተገፋ ምክንያቱ አተኛኘት ነው። መፍትሔው አቅጣጫ መቀያየርና በቀን ነቅቶ ሳለ በሆዱ ማቆየት ነው። እዚህ ላይ እኛ አንድ ዕድል አለን፦ ማዘል። አንገቱን መቆጣጠር የቻለ ልጅ ሲታዘል ጭንቅላቱ ከፍራሽ ይነሣል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልጁ ቤት ከገባም በኋላ የመኪና መቀመጫው ውስጥ ተኝቶ እንዳይውል።

የጭንቅላቱን ቅርጽ ለማስተካከል የሚጠለቀው ሄልሜትስ? አሜሪካ ውስጥ በሺዎች ዶላር ያስወጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ የወጣ ጥናት ግን መካከለኛና ከፍ ያለ ጠፍጣፋነት ባላቸው ሕፃናት ላይ ሄልሜት ካደረጉትና ካላደረጉት መካከል በሁለት ዓመታቸው የጎላ ልዩነት አላገኘም። በጣም ለከፋ ሁኔታ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። እኔ ግን ገንዘቤን መጀመሪያ ለፊዚዮቴራፒ አውል ነበር።

ቅርጹ ከመወለዱ ጀምሮ የተለየ ነው፣ ሲዳሰስም ሸንተረር አለው

ይህ በመጠበቅ አይድንም። የራስ ቅል አጥንቶች መጋጠሚያ ያለ ጊዜው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። መሃል አናት ላይ ያለው ከተዘጋ ጭንቅላቱ ረዝሞ ይጠባል። የግንባሩ ከተዘጋ ግንባሩ ከፊት እንደ ሦስት ማዕዘን ይሾላል። የአንድ ጎን የፊተኛው ከተዘጋ ግንባሩ በዚያ በኩል ይጠፈጠፍና የዓይኑ ጉድጓድ ወደ ላይ ይሳባል። ሐኪም ዳስሶ ይጠረጥራል፣ ሲቲ ስካን ያረጋግጣል፣ ቀዶ ሕክምና ያስተካክላል። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ቀለል ያለው ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚደረግ "ሲያድግ ይስተካከላል" የሚለውን ምክር አትስሙ። ጥቁር አንበሳን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ሪፈር አጽፉ።

በምጥ ጊዜ የመጣ እብጠት ሌላ ነው። ለስላሳው በቀናት፣ ደም የቋጠረው በሳምንታት ይጠፋል። በመርፌ አይነካ። ልጁ ቢጫ እየሆነ ከመጣ ግን ፈጥናችሁ አሳዩት።

ጭንቅላቱ በፍጥነት ይተልቃል

ከቅንድብ በላይ፣ በኋላ በኩል እጅግ በወጣው ቦታ ላይ ሜትር አዙራችሁ ለኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ከዚህ ብዙ ካለፈ፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ካስመለሰው፣ ዓይኖቹም ወደ ታች ከተሳቡ አንጎሉ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ውሰዱት። እርግብግቢቱ ሳይዘጋ የቆየ፣ ግንባሩ የወጣና የእጅ አንጓው የወፈረ ልጅ ደግሞ የቫይታሚን ዲ እጥረት ይኖርበት እንደሆነ ይታይ።

አንገቱ ደህና ነበር፣ ድንገት ተጣመመ

ወጌሻ ጋ አትሂዱ! ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የላይኞቹ የአንገት አጥንቶች ተንሸራተው ሊሆን ይችላል፤ ተጠምዝዞ ቢሳብ የአከርካሪ ነርቩ ይጎዳል። ትኩሳት ካለው፣ ለሃጩን መዋጥ ካቃተው፣ ከወደቀ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት እያስመለሰው አረማመዱ ከተንገዳገደ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ሲቀመጥ ብቻ አንገቱን የሚያዘነብልና ሲተኛ ወይም አንድ ዓይኑ ሲሸፈን የሚቃናለት ልጅ ካላችሁ ግን ችግሩ ዓይኑ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ የዓይን ጡንቻ ሲደክም ልጁ ነገር ሁሉ ሁለት እንዳይሆንበት ጭንቅላቱን ያዘነብላል። ለዚህ አንገት ማሳሳብ አይረዳም፤ የዓይን ሐኪም ይየው።