ያረጀ መኪናን ከመቁረጥዎ በፊት፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ባለንብረቶች

ደሴ ውስጥ ከግቢ ጥግ ሣር የዋጠው ላዳ፣ ጎማው የተነፈሰ ፔጆ፣ ሻንሲው የበሰበሰ ኤልዎን ማየት ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ እንዳይሸጠው ገዢ የለም፤ እንዳይጥለው ልቡ እሺ አይለውም። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው አንዳንድ ደላላ «መንግሥት አሮጌውን ተረክቦ ገንዘብ ይሰጣል፣ እኔ ላስጨርስልህ፣ ሊብሬውን ስጠኝ» እያለ የሚመጣው። ሊብሬዎን አይስጡ።

ወሬው ግን መነሻ አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. ጀርመን ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን መኪናውን አስቆርጦ አዲስ ለገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ትከፍል ነበር። አሜሪካ በዚያው ዓመት እንደየመኪናው የነዳጅ ፍጆታ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ከአዲሱ ዋጋ ላይ አስቀንሳለች። ግብፅም ካይሮ ላይ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ታክሲዎችን በአዲስ ለመተካት ለባለንብረቶቹ ድጋፍ አድርጋለች። ሕንድ በ2021 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሠራር ደግሞ መኪናውን ለተመዘገበ ማስወገጃ ያስረከበ ሰው የርክክብ ምስክር ወረቀት ይዞ በአዲሱ መኪና የመንገድ ግብር ላይ ቅናሽ እንዲያገኝ ያደርጋል።

በእኛ አገር ማበረታቻው የተቀመጠው በሚወጣው መኪና ላይ ሳይሆን በሚገባው ላይ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። የኤሌክትሪክ መኪና በአንጻሩ የታክስ ቅናሽ ተሰጠው። ለአሮጌው መኪና ገንዘብ ቆጥሮ የሚሰጥ መስኮት ግን አልተከፈተም። ስለዚህ ከአሮጌው የሚያገኙት ሁለት ነገር ነው፤ የዕቃውና የብረቱ ዋጋ፣ እንዲሁም በስምዎ ከተመዘገበ ንብረት ኃላፊነት ነጻ መሆን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ነገ እዚህም ይጀመር ይሆናል ብሎ መጠበቅስ? በውጭ የታዩት ፕሮግራሞች ገንዘቡን የሰጡት ፋይሉ ሕያው ለሆነ መኪና ነው። ጀርመን ቢያንስ አንድ ዓመት በአመልካቹ ስም የተመዘገበ መሆኑን ጠይቃለች፤ አሜሪካ ደግሞ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስና ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ የተመዘገበና መድን ያለው መሆኑን። ከዚህ ተነሥተው ይወስኑ። መኪናዎ የሚነሣና ቦሎ የሚያልፍ ከሆነ መቸኮል የለብዎትም፤ ሰነዱን በየዓመቱ እያደሱ ይንዱት። ቆሞ የዛገ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢመጣ እንኳ የሚቀበለው መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ መጠበቁ ዝገት እንጂ ገንዘብ አይጨምርም።

1. መኪናው በእርግጥ ሞቷል?

ወሎ ውስጥ የሚሄድ አሮጌ መኪና ዛሬም ጥሩ ዋጋ አለው፤ ሞተሩ መነሣት ስላቃተው ብቻ የተቆረጠ መኪና ብዙ ነው። ወሳኙ ሻንሲው ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ወፍራም እንጨት አስደግፉ (በክሪክ ብቻ ከሥሩ አይግቡ)፤ ከዚያ ባሌስትራው ወይም ሞላው የሚታሰርበትን ቦታ፣ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን ላሜራና ከበሩ ሥር ያለውን ድጋፍ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉ። ካቻቢቴው ከገባ፣ ወይም በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሳይሆን የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በልቷል። በላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ ቀለም መቀባት ሐረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት) ለሚወርድ መኪና ጥገና ሊባል አይችልም።

2. ወረቀቱን አስቀድሞ መጨረስ

መቁረጫው ከመነካቱ በፊት የሚከተሉት መጣራት አለባቸው። በዚህ ቅደም ተከተል የሚሳሳት ሰው በኋላ የሚያሳየው መኪና ስለማይኖር ጉዳዩ ለዓመታት ይንጠለጠላል።

ሊብሬው በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ በውልና ማስረጃ ውክልና ይያዝ። በእጅ በእጅ ተገዝቶ ስም ያልተዛወረ ከሆነ የቀድሞውን ባለቤት ይፈልጉት፤ ለመሰረዝ ማመልከት የሚችለው ባለስሙ ወይም ወኪሉ ነው።

የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ጉዳዩ ተዘግቷል? ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ለሌላ ሰው በሚተላለፍበት ጊዜ ቀረጡ ይጠየቃል፤ ለቁርጥራጭ መሸጥም ያለ ጉምሩክ ዕውቅና የሚደረግ ነገር አይደለም። በአደጋ ምክንያት መድን ድርጅት ሙሉ ካሳ ከፍሎበት ከሆነም ቅሪቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላልና ውሉን ያንብቡ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው? በላዳ የመለያ ሰሌዳው ኮፋኖው ሲከፈት ከመስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ሳጥን ላይ ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በብሎኩ ግራ ጎን፣ ከዘይት ፊልትሮው በላይ ተመቷል። ቆሻሻውን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት። ግራይንደር አያስነኩት፤ የተፈተገ ቁጥር በመርማሪ ዓይን የተቀየረ ቁጥር ነው። ከጸዳ በኋላ ስስ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ በመፈተግ አሻራውን ይውሰዱ፤ ፎቶም ያንሱ። ሞተሩ ተቀይሮ ሳይመዘገብ የቀረ ከሆነ አሁኑኑ ያስተካክሉት።

3. ማመልከቻና ስረዛ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ይመራል። ጉዳዩ የሚያልቀው የመኪናው ፋይል ባለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ታርጋው «አማ» ከሆነ በክልሉ ውስጥ ፋይሉ የተከፈተበት ከተማ፣ «አአ» ከሆነ አዲስ አበባ። ወልድያ ቆሞ የበሰበሰ መኪና ፋይሉ ደሴ ሊሆን ይችላልና ከመሄድዎ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን ማኅተም ይመልከቱ።

ይዘው የሚሄዱት፦ ማመልከቻ (መኪናው ለምን ከአገልግሎት እንደሚወጣ በግልጽ የሚል)፣ ዋናው ሊብሬ፣ ሁለቱም ታርጋ፣ መታወቂያ፣ ውክልና ወይም የወራሽነት ማስረጃ ካለ እሱ፣ የቁጥሮቹ አሻራና ፎቶ። አንዱ ታርጋ ከጠፋ ለፖሊስ አስመዝግበው ማስረጃውን ይያዙ። መኪናው መንቀሳቀስ ካልቻለ መርማሪ ባለበት ቦታ መጥቶ እንዲያየው በማመልከቻው ላይ ይጠይቁ። የትራፊክ ቅጣት ካለብዎት እዚያው ይክፈሉ።

ሊብሬና ታርጋ ሲያስረክቡ ቁጥራቸው የተጻፈበት የርክክብ ደረሰኝ ይቀበሉ። በመጨረሻም ምዝገባው መሰረዙን የሚገልጽ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የሰፈረበት ደብዳቤ ይውሰዱና ቅጂውን ለራስዎ ያስቀምጡ። ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን ለሌላ ሰው ሊሸጡ ካሰቡ ይህን አስቀድመው ለጽሕፈት ቤቱ ይንገሩ፤ ገዢው የሞተር ለውጥ ሲያስመዘግብ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ያለ ወረቀት የተሸጠ ሞተር የተሰረቀ ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ፖሊስ የሚፈልገውም ሻጩን ነው።

መድኑንም በዚያው ሰሞን ይጨርሱ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተሽከርካሪ ግዴታ ነው። የስረዛ ደብዳቤውን አሳይተው ውሉ እንዲቋረጥ ያመልክቱ፤ ሙሉ መድን ከነበረዎት ላልተጠቀሙበት ጊዜ ተመላሽ ይጠይቁ።

4. ፈሳሹን ማውጣት

መኪና ሲፈታ ሰው የሚጎዳውም መሬት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ባትሪ፤ ነጌቲቩ ይፈታል፣ ከዚያ ፖዘቲቩ። ባትሪው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። አሲድ ከፈሰሰ ሶዳ ወይም አመድ ይበተንበት፣ ከዚያ በውኃ ይታጠብ። ባትሪ ሰብሮ እርሳስ በቤት ማቅለጥ ክልክል ብቻ ሳይሆን የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ ነው፤ ብናኙ ግቢው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ባትሪ እንዳለ ይሸጣል።

ለፈሳሹ የሚያዘጋጁትን ጀሪካን መጠን ለማወቅ ላዳን እንውሰድ። ሞተሩ 3.75 ሊትር፣ ካምቢዮው 1.35 ሊትር፣ ዲፈረንሻሉ 1.3 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ ራዲያተርና ሞተሩ በአንድነት 9.85 ሊትር ውኃ፤ ታንከሩ 39 ሊትር ቤንዚን። አንድ 10 ሊትር ጀሪካን ለዘይት፣ አንድ 20 ሊትር ለራዲያተር ውኃ፣ ትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ ለፍሬን ዘይት ይበቃል። ዘይትና የፍሬን ዘይት አይቀላቀሉ። ቦይ ውስጥም አይድፉ፤ ደሴ የፈሰሰ ዘይት ቦርከናን ይዞ ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ በዚያው ውኃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

የቤንዚን ታንከር ባዶ ሲሆን ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ታንከሩ ይፈታል፣ ከመኪናው ርቆ ይቀመጣል፣ የሚቆረጥ ከሆነ እስከ አፉ በውኃ ተሞልቶ ነው። ላሜራ የሚቆረጠው ታንከሩ ከወጣ በኋላ ብቻ።

5. መፍታትና መለየት

የፍሬን ሸራውን አቧራ በኮምፕሬሰር አይንፉ፤ በአሮጌ መኪኖች ሸራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ አለ። በውኃ አርጥበው ይጥረጉት። የፊት ሞላ ተጨምቆ የታሰረ ስለሆነ በማጥበቂያ ሳይያዝ ብሎኑ ከተፈታ ተወንጭፎ ይገድላል። አሞርዛተር ላይ የመቁረጫ እሳት አያስጠጉ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ መሪውን አይንኩ።

ከዚያ የሚሸጠው ይለያል። በሩ፣ መስታወቱ፣ ሞተሪኖው፣ አልተርኔተሩ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ቸርኬው እንደ ዕቃ ሲሸጡ በኪሎ ከሚያወጡት ብዙ እጥፍ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ገዢ እስኪገኝ በደረቅ ቦታ ይቀመጡ። የቀረው በማግኔት ይለይ። ማግኔት የማይዘው ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፤ የድሮ ራዲያተር መዳብና ነሐስ ነው፤ ሽቦው መዳብ ነው። ከብረት ጋር ቀላቅሎ መሸጥ መዳብን በብረት ዋጋ መስጠት ነው። የሽቦውን ላስቲክ በእሳት አያቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ የጠቆረ መዳብም ዋጋው ይወርዳል። ብሎኩና ላሜራውም ለየብቻ ይከመሩ፤ አቅላጩ በተለያየ ዋጋ ይገዛቸዋል። ከማርሚታው በፊት ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካለ (አዳዲሶቹ ላይ እንጂ ላዳ ላይ የለም) እንደ ማርሚታ አይሽጡት፤ ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም አለ።

6. መመዘን፣ መጫን፣ መሸጥ

ላዳ ባዶውን 955 ኪሎ ገደማ ነው። ከአንድ መኪና ክብደት ሦስት አራተኛ የሚሆነው ብረትና ሌላ ማዕድን ስለሆነ ምንም ዕቃ ካልተነሣለት 7 ኩንታል አካባቢ ይጠብቁ። ሞተሩ ከወጣ ከ100 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ገዢው ሳይመዝን «በጅምላ» ካለ ወይም 4 ኩንታል ካለ፣ ሌላ ሚዛን ይፈልጉ። ዋጋውን ቢያንስ ከሦስት ቁርጥራጭ ነጋዴ ይጠይቁ። ብዛት ካለው ደግሞ ከጎረቤት ባለንብረት ጋር ተባብሮ፣ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ አምጥቶ፣ አራግፎ በባዶ የሚመለስ አይሱዙ መከራየት ያዋጣል።

የሞተ መኪናን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በገመድ አይጎትቱ። ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ሞተሩ የማይሠራ መኪና ፍሬኑን የሚያግዝ ሰርቮ የለውም። ጭነው ይውሰዱት። ጫኚው የስረዛ ደብዳቤውን ቅጂና የሽያጭ ውሉን ይያዝ፤ ታርጋ የሌለው የተቆራረጠ መኪና ኬላ ላይ መጠየቁ አይቀርም። ውሉ ላይ «ለቁርጥራጭ» የሚል ቃልና የሻንሲ ቁጥሩ ይስፈር።

7. በምትኩ የሚገዛው

ማበረታቻው ያለው እዚህ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲገባ ዜሮ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፈልበት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስም ነጻ እንዲሆን አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት እንደሚቆም ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ታክስ በየጊዜው ስለሚሻሻል ውል ከመፈረምዎ በፊት የዕለቱን መጠን ከጉምሩክ ያረጋግጡ።

ለደሴ ዳገት የኤሌክትሪክ መኪና ይስማማል፤ በከፍታ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩ አይቀንስም፤ ሐረጎን ሲወርድም ባትሪው በከፊል ይሞላል። ግን ቤትዎ ያለው መስመርና ቆጣሪ ቻርጀሩን መቻሉን ኤሌክትሪሺያን ይይልዎት፤ በቀጭን ሽቦና በተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ሶኬቱን ያቀልጣል። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊትም የሻጩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ተቀብለው የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።