ኤሲው አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

«ጅማ ላይ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ውጪው 28 ወይም 29 ዲግሪ ቢሆን ነው። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ግን ጣራው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ወደ ታች ይለቀዋል። ማታ ከተማዋ ትቀዘቅዛለች፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ስለዚህ እዚህ ኤሲ የሚሠራው በቀን ጥቂት ሰዓት፣ በዓመት ጥቂት ወር ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ማሽኑ ክረምቱን በሙሉ ተዘግቶ ይከርምና፣ ሙቀቱ ሲመጣ ከነአቧራውና ከነሻጋታው ይነሳል። ያኔ «አልቀዘቅዝ አለ» ይባላል፤ ወዲያው ደግሞ «ጋዙ አልቋል» ይባላል።

እዚህ የማወራው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጪ ስላለው ማሽን ነው። በበጋ ያቀዘቅዛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ማሞቅ ይችላል። ሂት ፓምፕ የሚባለው ይኸው ነው። ሙቀት አይፈጥርም፤ ከአንዱ ወገን አንስቶ ወደ ሌላው ይወስዳል። ጋዙ በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ ማብሰያ ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። ቀነሰ ማለት የሆነ ቦታ አምልጧል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ።

የሚያስፈልገው ላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ካቻቢቴ፣ ትልቅ ፌስታል፣ ባልዲና የእጅ ባትሪ ነው። ርካሽ ቴርሞሜትር ቢገኝ ጥሩ ነው። ኤሲ ማጽጃ ተብሎ በጣሳ የሚሸጠውን አረፋ ብዙም አልወደውም። ላይ ላዩን ያነጣና እድፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

1. ሪሞቱን እዩት

የበረዶ ምልክት ማቀዝቀዣ ነው፣ ፀሐይ ማሞቂያ፣ የውሃ ጠብታ እርጥበት ማድረቂያ። ልጆች ሪሞቱን ነካክተው ፀሐይ ላይ ወይም ፋን ብቻ ላይ ከተዉት፣ ማሽኑ የታዘዘውን እየሠራ ነው። በረዶው ላይ አድርጉና 24 ዲግሪ ላይ አቁሙት። 16 ላይ ማውረድ ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ሳያርፍ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። የሪሞቱን ድንጋይም ቀይሩ።

2. ሪሴት

ሪሴት ማለት ብሬከሩን ቶሎ ቶሎ መነካካት አይደለም። መጀመሪያ በሪሞቱ አጥፉ። የውስጡ ፋን ሲቆም የኤሲውን ብሬከር አውርዱና 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ብሬከሩን አንሱ፣ 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ በሪሞቱ አስነሱ። አለቀ።

ሰው የሚዘለው ያንን 10 ደቂቃ ነው። ግን የሥራው ቁም ነገር እሱ ነው። የማሽኑ ቦርድ መብራት ቢቋረጥም ለጥቂት ጊዜ የያዘው ኤሌክትሪክ አለ። እሱ ካልተሟጠጠ ቦርዱ የመዘገበውን ስህተት አይረሳም። ሁለተኛው ነገር ኮምፕረሰሩ ነው። ሲሠራ በአንድ ወገን ጋዙን ጨምቆ ይገፋል፣ በሌላው ወገን ይስባል። ድንገት ሲቆም የሁለቱ ወገን ግፊት እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ሳይስተካከል ከተነሳ ሞተሩ መዞር ያቅተውና ያጓራል፤ በዚያች ቅጽበት ከልኩ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ካልሆናችሁ ሞተሩ ይቃጠላል። አብዛኞቹ ማሽኖች ለዚህ ሲሉ ራሳቸው 3 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። ፋኑ እየነፈሰ ቅዝቃዜ ባይመጣ መልሳችሁ አትነካኩት።

መብራት ሲሄድ ብሬከሩን የማውረድ ልማድ ይኑራችሁ። ብዙ ኤሲዎች መብራት ሲመለስ በራሳቸው ይነሳሉ። መብራቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንዴ መጥቶ አይጸናም። መጣ፣ ሄደ፣ መጣ ሲል ማሽኑ ሦስቴ ለመነሳት ይታገላል። ሰፈሩ ሁሉ ከበራና አምፖሉ መርገብገቡን ካቆመ በኋላ ብሬከሩን አንሱ። ማታ ምጣዱም ምድጃውም ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባለ 220 ቮልት ማሽን በጥቅሉ ከ198 እስከ 242 ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ ከወረደ ማጥፋቱ ይሻላል። ገንዘብ ካላችሁ ለኤሲ የሚሆን፣ ሰዓት ቆጥሮ የሚያበራ የቮልቴጅ መከላከያ ግዙ። ለፍሪጅ የተሠራችው ትንሿ አትበቃም። በዲቫይደር የተሰካ ኤሲ ካያችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ንቀሉት።

ከሪሴቱ በኋላ ያው የስህተት ምልክት ተመልሶ ከመጣ፣ ሪሴት አትደጋግሙ። ፊደልና ቁጥሩን ጻፉትና የማሽኑን መመሪያ እዩ። የምልክቱ ትርጉም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ የሰው ማሽን የተናገረውን ለራሳችሁ አትተርጉሙ።

3. ፊልተር

የፊት ሽፋኑን ወደ ላይ ክፈቱ፣ ፊልተሮቹን ሳቡ፣ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ያጣምማቸዋል። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ። ይኸው ነው።

4. ውስጡና የውሃ መውጫው

ጅማ ላይ እውነተኛው ሥራ እዚህ ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚሻግተው አየሩ እርጥብ ስለሆነ ነው። ያው እርጥበት ኤሲው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ አልሙኒየም ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ሥሩ ያለችው ገበቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጪ ይወርዳል። ፓምፕ የለውም፤ በቁልቁለት ብቻ ነው። ውሃውና አቧራው ሲገናኙ ዝልግልግ ያለ ጥቁር አተላ ይሆናል። እሱ ቱቦውን ይዘጋል፣ ፋኑንም ይለብጣል።

ብሬከሩን አውርዱ። ከማሽኑ ሥር ፌስታሉን ሰንጥቃችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉት፤ ጫፉ ባልዲው ውስጥ ይግባ። ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው፤ እሱን በደረቅ ፌስታል ሸፍኑ። አሁን በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ከፊልተሩ ጀርባ እንደ ወረቀት የሳሱ የአልሙኒየም ቅጠሎች ተደርድረዋል። በቀለም ብሩሹ ከላይ ወደ ታች፣ በቅጠሎቹ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። አግድም ከጠረጋችሁ ይታጠፋሉ፤ የታጠፈ ቦታ አየር አያሳልፍም። ጣታችሁንም ይቆርጣሉ። ከዚያ ትንሽ ላርጎ የገባበት ውሃ እርጩበት፣ 10 ደቂቃ ተዉትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ቀጥሎ አየር በሚወጣበት በታችኛው ክፍተት አብሩ። ረጅሙ ክብ ፋን ይታያል። ምላጮቹ ትንንሽ ጎድጓዳ ማንኪያ ናቸው፤ ጎድጓዳው በእድፍ ከሞላ ፋኑ ይዞራል እንጂ አየር አይዝም። ድምፁ አለ፣ ነፋሱ የለም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞላለት፣ ሁለቱንም ጊዜ ተከፈለ። በኋላ የመጣው ባለሙያ ጣቱን ፋኑ ላይ አድርጎ ሲያወጣው ጣቱ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ወጣ። ያንን ካጠበው በኋላ ክፍሉ ቀዘቀዘ። እናንተም ፋኑን በጣት ቀስ እያላችሁ አዙሩና እያንዳንዱን ምላጭ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። አሰልቺ ነው። ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ መቸኮል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አንዲት ምላጭ ከተሰበረች ፋኑ ሚዛን ያጣና ሲዞር ይንቀጠቀጣል።

በረኪና አትጠቀሙ። አልሙኒየሙን ይበላል፣ ሽታውም ክፍሉ ውስጥ ሲነፍስ ይሰነብታል።

ቱቦውን ለመፈተን ገበቴዋ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አንድ ሰው ውጪ ቆሞ ይይ። ቶሎ ከወረደ ደህና ነው። ጠብ ጠብ ካለ ወይም ጭራሽ ካልመጣ ቱቦው ተዘግቷል፤ ውጪ ባለው ጫፍ ጭቃ፣ የሸረሪት ድር ወይም ጉንዳን ሊኖር ይችላል። በአፋችሁ አትንፉ፤ አተላው ተመልሶ ገበቴዋን ይሞላል። ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዙ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቱቦው አፍ ላይ ግጠሙትና ሳቡ። ደጋግሙት። ሲከፈት በውሃ የቀጠነ አቼቶ ከውስጥ በኩል ለቀቅ አድርጉበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ ከታችሁ ውሃውን የምታጠራቅሙ ሰዎች፣ ጫፉ ውሃው ውስጥ አይጠለቅ። አየር ካልወጣ ውሃው ይተኛና ቤት ውስጥ በግድግዳው ይወርዳል። የተጠራቀመውም ለወለል እንጂ ለመጠጥ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ መከላከያ ነጻ ነው። ኤሲውን ከማጥፋታችሁ በፊት ፋን ብቻ ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። ውስጡ ደርቆ ያድራል፤ የእርጥብ ጨርቅ ሽታም አይኖርም።

5. ውጪ ያለው ማሽን

ቡና በሚሰጣበትና በሚፈለፈልበት ወራት ገለባና ቀይ አቧራ ጀርባውን ይሸፍነዋል። ብሬከር ወርዶ፣ ከጀርባ በኩል በቀላል የውሃ ግፊት ከላይ ወደ ታች እጠቡት። መኪና የሚታጠብበት ግፊት ቅጠሎቹን ያስተኛቸዋል። ሽፋኑን አትፍቱ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ይነዝራል።

ዙሪያው ግማሽ ሜትር ክፍት ይሁን። ፊት ለፊቱ ማገዶ ቆልሎ «አይቀዘቅዝም» ማለት ቀልድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን ያን ያህል ዞሮ የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀልላል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚጥልበት መንገድ ቀድሞውኑ ጠባብ ነው፤ እኛ ደግሞ አቧራ አንጨምርበት።

6. ልኩን ለዩ

ሁሉንም መልሳችሁ ግጠሙ፣ አስነሱና 15 ደቂቃ ቆዩ። ቴርሞሜትሩን አየር በሚገባበት ላይኛው በኩል፣ ከዚያ በሚወጣበት አስቀምጡ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው፤ ክፍሉ አሁንም ካልቀዘቀዘ ችግሩ ጣራው ወይም በሩ ነው። እርጥብ በሆነ ቀን ልዩነቱ ትንሽ ያንሳል። ከ5 በታች ከሆነ ግን ባለሙያ ይጠራ።

ጋዝ ማለት የሚቻለው አሁን ነው። ምልክቶቹም ይታያሉ። ውጪ ካሉት ሁለት ቱቦዎች ቀጭኑ በረዶ ይዞ ወፍራሙ ለብ ካለ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ የዘይት ወዝ ካለ፣ ጋዝ እየወጣ ነው። የላርጎ አረፋ ቀቡት፤ ከተነፋ እዚያው ነው። ውስጡ በረዶ ከሠራ ደግሞ አጥፉትና ይቅለጥ። በቢላ አትፈንቅሉት፤ ቱቦው ከተበሳ ሌላ ጣጣ ነው።

የሚመጣው ባለሙያ የጋዝ ሚዛንና ቫኪዩም ፓምፕ (ከቱቦዎቹ አየሩን የሚስብ ማሽን) ይዞ እንደሆነ እዩ። የጋዙ ዓይነትና ክብደት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፦ አር 22፣ አር 410 ኤ ወይም አር 32። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አር 32 ደግሞ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ «ልጨምርላችሁ» የሚል ሰው በሚቀጥለው ወርም ይመጣል።

ለክረምት

ሰኔ ሳይጠና ፋኑን ግማሽ ሰዓት አስነፍሱ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ የሪሞቱን ድንጋይ አውጡ። የውጪውን ማሽን በሸራ አትጠቅልሉት። ዝናብ እንዲችል ነው የተሠራው፤ የተጠቀለለ ግን ውስጡ ይዝጋል፣ አይጥም ይገባበትና ሽቦ ይበላል። የሚፈነጥቀው ጭቃ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ያለ ብረት ላይ ይቀመጥ። በወር አንዴ ብሬከሩንና ድንጋዩን መልሳችሁ፣ ማሞቂያው ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አሠሩት። ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነፋስ አይሰጥም፤ ውስጡ እስኪሞቅ ፋኑን ይዞት ነው። ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት።