ሶኬት ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ፕላግ እዩ

ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት አንድ ክፍል ተቀጥሎ መስመር ሊዘረጋ ሲል "ስድስት ሶኬት ይዘህ ና" ተባልኩ። ሱቅ ሄጄ ያንን ቀዳዳው የበዛውን አነሳሁ። ክቡንም ጠፍጣፋውንም ይቀበላል፣ ምን ጎደለው? ብርዱ ሲገባ አክስቴ ሂተር ሰካችበት። ብዙም ሳይቆይ "አንተ ልጅ፣ ይሄ ግድግዳ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸተኛል" አለችኝ። ነቅዬ ሳየው የሶኬቱ ፊት ቢጫ ሆኗል፣ የአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ቀልጧል። ባለሱቁን አልወቅስም፤ የመረጥኩት እኔው ነኝ።

እና ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ፕላጉን እያነሳችሁ እዩ። (ሰዉ ግድግዳ ላይ ያለውንም የሚሰካውንም ሶኬት ነው የሚለው፤ እኔ እዚህ የሚሰካውን ፕላግ ልበለው።)

የስልክ ቻርጀር፣ ሬዲዮ፣ ትንሽ መብራት ብዙውን ጊዜ ቀጭን ባለ ሁለት እግር ነው። እግሩ 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ የሚሸከመውም እስከ 2.5 አምፔር ብቻ ነው። ኧርዝ (ዕቃው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) የለውም። ዕቃው ላይ ካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ ከተሳለ ኧርዝ አያስፈልገውም ማለት ነው፣ አትጨነቁ።

ፍሪጅ፣ ካውያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሂተር ግን ወፈር ያለ ክብ ፕላግ አላቸው። እግሩ 4.8 ሚሊሜትር ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ብረት ይታያል። ያ ብረት ኧርዙ ነው። የዚህ ሶኬት ፊቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከላይና ከታች ወይም ከግራና ከቀኝ ሁለት የብረት ምላስ አለው፣ 16 አምፔር ይሸከማል። ቀጭኑንም ቻርጀር ይቀበላል። ለአብዛኛው ቤት እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ይሄንኑ የሚመስል፣ መሃሉ ላይ የኧርዝ እግር ወደ ውጭ ያወጣም አለ፤ እሱ የፈረንሳዮቹ ነው። ወፍራሙ ፕላጋችሁ ለዚያ እግር ቀዳዳ ከሌለው አይገባም።

ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደረበት ካያችሁ የጣሊያን ነው፣ መሃለኛው ኧርዝ። ባለ 10 እና ባለ 16 አምፔር አለው፤ የ16ቱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ይራራቃልም።

ከዱባይ እህት የላከችው ዕቃ ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝ ነው፣ 13 አምፔር፣ ፕላጉ ውስጥ ፊውዝ አለ። የሶኬቱ ቀዳዳ ክዳን አለው፤ የሚከፍተው ረጅሙ የኧርዝ እግር ነው። እኛ ሰፈር ክዳኑን በእስክሪብቶ እየከፈቱ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የሚሰኩ ሞልተዋል። ያ ክዳን የተሠራው ሕፃን ጣቱንም ሚስማርም እንዳይከት ነው እኮ!

ወደዚያ እኔን ወዳቃጠለኝ ሶኬት ልመለስ። ሁሉንም እቀበላለሁ ሲል ማንንም ጥብቅ አድርጎ አይዝም። የላላ ነገር ይሞቃል፣ የሞቀ ይቀልጣል። ከዚህ የባሰው ግን ኧርዙ ነው። ወፍራሙን ክብ ፕላግ ብትሰኩበት የጎኑን ብረት የሚነካ ነገር ውስጡ የለም። ፍሪጁ ይሠራል፣ ግን ኧርዝ የለውም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ላብ ባለው እጅ የፍሪጅ በር ለሚከፍት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ምጣድን ለብቻው አስቡት። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፤ በ16 አምፔር ሲባዛ 3,520 ዋት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ 3,800 ቢሆን 17 አምፔር አለፈ ማለት ነው። እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም፣ ሶኬቱ እየጋለ ሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ከቆጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር፣ ወፈር ያለ ሽቦ (ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር) እና ባለ 25 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሶኬት ይኑረው። ዲቫይደር ላይ ምጣድ? በፍጹም።

ሱቅ ስትሄዱ ከቤት አንድ ወፍራም ፕላግ ይዛችሁ ሂዱ። የካውያ ይበቃል። ስኩት፣ ንቀሉት። ትንሽ መታገል አለበት፤ እንደ ቅቤ ከወጣ ተዉት። ምላሶቹ የፕላጉን ብረት መንካታቸውንም እዩ። ሶኬቱ ላይ 16 አምፔር፣ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከኋላው ሦስት የሽቦ ማሰሪያ ይኑረው። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሳጥን ክብ ነው ወይስ ካሬ? እሱንም አረጋግጣችሁ ሂዱ። ጭቃ ቤት ከሆነና ሳጥን ካልተቀበረ ላዩ ላይ የሚታሰረውን ግዙ።

አንድ የሚረሳ ነገር። ብሬከሩን አጥፉና በቴስተር ፈትሻችሁ ከግድግዳው ስንት ሽቦ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ሁለት ብቻ ከሆነ፣ የፈለጋችሁትን ውድ ሶኬት ብታስሩ ኧርዝ አይኖረውም፤ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሦስተኛ ሽቦ መሳብ አለበት። አንዳንዱ "ምን ችግር አለ" ብሎ ኧርዙን ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ያገናኘዋል። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ የካውያው ብረት ራሱ ይነዝራችኋል።

አክስቴ ቤት ከስድስቱ አምስቱን ቀይረናል። ስድስተኛው ኮሪደር ላይ አለ፣ እሱ ላይ የሚሰካው የእሷ ስልክ ብቻ ነው።