ከድሬዳዋና ከሐረር ሆኖ ለቴክኖሎጂ ድርጅት ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ምሕንድስና ወይም ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተምረው ሥራ ከሚፈልጉ ወጣቶች ጋር ደጋግሜ ተቀምጫለሁ፤ እኔም በመጀመሪያ ተጠያቂ፣ ኋላም ጠያቂ ሆኜ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ካየሁት የተረዳሁት፣ የሚወድቀው አመልካች ብዙውን ጊዜ ዕውቀት የጎደለው ሳይሆን ያወቀውን በሰው ፊት አውጥቶ መናገርን ያልተለማመደው መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ ከአስተማማራችን የመጣ ነው። ከ12ኛ ክፍል ፈተና አንሥቶ በ2015 ዓ.ም. እስከተጀመረው የመውጫ ፈተና ድረስ የምንመዘነው ከተሰጡን አማራጮች አንዱን በመምረጥ ነው፤ ትክክለኛውን ፊደል የመረጠ ተማሪ እንዴት እንደደረሰበት የሚጠይቀው የለም። የቴክኖሎጂ ድርጅት ጠያቂ ግን በዋናነት የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ፣ ዝግጅቱም በንባብ ተጀምሮ በንባብ ማለቅ የለበትም።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ በርቀት፣ በስክሪን የተደረገ ነበር። ጥያቄው ከተሰጡት ቁጥሮች መካከል ድምራቸው አንድ የተወሰነ ቁጥር የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ፤ ኮዱም ሠራ፤ ሥራውን ግን አላገኘሁም። ምክንያቱን ስጠይቅ መልሱ ትክክል እንደነበረ፣ ነገር ግን እንዴት እንደማስብ ማየት እንዳልቻሉ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ ፍርዱ ከብዶኝ ነበር። ዛሬ በጠያቂው ወንበር ስቀመጥ ግን ዝም ብሎ ከሚጽፍ ሰው ጋር ነገ አብሬው ችግር ልፈታ እችል እንደሆነ መገመት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባኛል።

ከጥያቄው በፊት የሚጠና ነገር

ድርጅቶች ሁሉ በአንድ መንገድ አይጠይቁም። ባንኮችና ትልልቅ የአገር ውስጥ ተቋማት ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ፈተና ጀምረው ወደ ቃል ጥያቄ ያልፋሉ፤ ትናንሽ ጀማሪ ድርጅቶች ቤት ተወስዶ የሚሠራ ሥራ መስጠትን ይመርጣሉ፤ ከውጭ አገር ሆነው በርቀት የሚቀጥሩት ደግሞ አጭር ትውውቅ፣ ስክሪን እየተጋሩ ኮድ መጻፍ፣ ልምድ ላለው ሰው የአንድን ትልቅ ሥርዓት አሠራር መንደፍ፣ ስለ ሥራ ባሕርይ መወያየት እያሉ በበርካታ ዙር ያሳልፋሉ። ስንት ዙር እንዳለና በእያንዳንዱ ምን እንደሚጠበቅ ለጠራችሁ ሰው ጽፋችሁ መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንዲያውም በቁም ነገር እንደያዛችሁት ያሳያል።

ስለ ድርጅቱ ማወቅ ሲባል ድረ ገጹ ላይ የሰፈረውን ራእይና ተልእኮ ሸምድዶ መሄድ ማለት አይደለም። ምርቱን ተጠቀሙበት። ለምሳሌ ከሞባይል ገንዘብ ጋር የተያያዘ ሥራ ከሆነ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረ፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እንደተከተለው፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኔትወርኩን ከሌሎች ከተሞች ቀድሞ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ መሞከር እንደጀመረ ማወቅ ጥሩ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን፣ በቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ክፍያ ስትቀበል የት ቦታ ላይ እንደምትቸገር በዓይናችሁ አይታችሁ መናገር መቻል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ አመልካች በቀላሉ አያገኘውም። ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የምትናገሩ ከሆነም በሲቪያችሁ ላይ አስፍሩት፤ ከደንበኛ ጋር በሚያገናኝ ማንኛውም ሥራ ዋጋ አለው።

ጥያቄውን በድምፅ መሥራት

ያን የሁለት ቁጥሮች ጥያቄ እንደገና ላንሣውና ዛሬ ቢጠየቅ እንዴት መመለስ እንዳለበት ላሳይ፤ ብዙዎቹ የኮድ ጥያቄዎች በዚሁ አካሄድ ይሠራሉና።

በመጀመሪያ ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ተናገሩት፤ ከዚያም ግልጽ ያልሆነውን ጠይቁ። ቁጥሮቹ ሊደጋገሙ ይችላሉ? ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አለ? የሚስማማ ጥንድ ባይገኝ ምን ይመለስ? የሚፈለገው ቁጥሮቹ ራሳቸው ናቸው ወይስ ያሉበት ቦታ? እነዚህን ጥያቄዎች ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ ሳይናገር ነው የሚተዋቸው። ቀጥሎ ትንሽ ምሳሌ በእጃችሁ ሥሩ፤ ቁጥሮቹ 4፣ 9፣ 15 እና 7 ቢሆኑ፣ የሚፈለገውም ድምር 16 ቢሆን፣ መልሱ 9 እና 7 ነው።

ከዚያ በኋላ ቀላሉን መፍትሔ ሳታፍሩ ተናገሩ፦ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር እያጣመሩ መደመር። ዋጋውንም አብራችሁ ጥቀሱ። ቁጥሮቹ 10,000 ቢሆኑ ጥንዶቹ ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህን ካላችሁ በኋላ እንዴት እንደምታሻሽሉት በድምፅ አስቡ፤ 9ን ሳገኝ የሚያስፈልገኝ 7 መሆኑን አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያለፍኳቸውን ቁጥሮች በሃሽ ቴብል (የተመዘገበን ነገር ወዲያው ፈልጎ በሚያገኝ ሰንጠረዥ) ውስጥ እየመዘገብኩ ብሄድ፣ አዲስ ቁጥር ባገኘሁ ቁጥር ጎደሎውን ቀድሜ አይቼው እንደሆነ ወዲያው መጠየቅ እችላለሁ። እንዲህ ሲሆን ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ ይበቃል፤ የምንከፍለው ዋጋ ደግሞ ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። ኮዱን መጻፍ ያለባችሁ እዚህ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ሲያልቅም "ጨርሻለሁ" ከማለታችሁ በፊት በትንሿ ምሳሌ መስመር በመስመር ፈትሹት፤ ከዚያም ባዶ ዝርዝር ቢመጣ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

የፍጥነትን ነገር ለማስረዳት ቀመሩን ብቻ መጥራት አይበቃም፤ ትርጉሙን በቁጥር አሳዩ። ባይነሪ ሰርች በቅደም ተከተል ከተደረደሩ አንድ ሚሊዮን ስሞች መካከል አንዱን ለማግኘት ወደ 20 ማነጻጸሪያ ብቻ የሚያስፈልገው በየደረጃው የቀረውን ግማሽ ስለሚጥል ነው። ስሞቹ ካልተደረደሩ ግን እንደማይሠራ መጨመርን አትርሱ፤ ጠያቂው የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ይህንን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ግራፍን፣ ማለትም በመስመር የተያያዙ ነጥቦችን፣ ለማስረዳት ደግሞ ለሐረር ልጅ ከጀጎል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መንገዶች የሚገናኙባቸውን ቦታዎች እንደ ነጥብ፣ በግንቦቹ መካከል ያሉትን ጠባብ መተላለፊያዎች እንደ መስመር ውሰዷቸው። ከጀጎል በሮች አንዱ ከሆነው ከበድሮ በሪ ተነሥቶ ሌላው በር አርጎብ በሪ ለመድረስ ከሁሉ ያነሱ መገናኛዎችን የሚያልፈውን መንገድ ከፈለግን፣ መጀመሪያ በአንድ እርምጃ የሚደረስባቸውን መገናኛዎች ሁሉ፣ ከዚያ በሁለት እርምጃ የሚደረስባቸውን እያልን እንሄዳለን፤ ብሬድዝ ፈርስት ሰርች የሚባለው ይህ ነው። የመተላለፊያዎቹ ርዝመት የተለያየ ከሆነና ርቀቱ የሚያሳስበን ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን አልጎሪዝም (ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ስልት) ወደመሰለ ዘዴ እንሸጋገራለን። አንድን ሐሳብ በምታውቁት ሰፈር ላይ አስቀምጣችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ በሸመደዳችሁት ጊዜ የሚጠፋባችሁ ነገር አይጠፋባችሁም።

የልምምዱ ሥርዓት ቀላል ነው። አንድ ጓደኛ ፈልጉ፤ 45 ደቂቃ መድቡ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው እየተናገረ ይሥራ፤ ቀጥሎ ተለዋወጡ። የድሬ ሙቀት በሚበርድበት የምሽት ሰዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሁለት ወር ያደረገው ሰው ለውጡን ራሱ ያየዋል። ጓደኛ ካልተገኘ በስልካችሁ ድምፃችሁን ቅዱና አዳምጡት፤ ማዳመጡ ደስ አይልም፤ ግን የትኛው ቦታ ላይ እንደምትደናበሩ ከዚህ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም። በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ አስረዱ፤ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ ድገሙት። ሁለቱን ችግሮች፣ ማለትም የቋንቋውንና የሐሳቡን፣ በአንድ ጊዜ ለመሸከም የሚሞክር ሰው የትኛው እንደጣለው እንኳ አያውቅም። ኮዱን ደግሞ አንዳንዴ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቀሪውን ራሱ በሚሞላ ፕሮግራም የለመደ እጅ በባዶ ገጽ ላይ ይታሰራል።

የዳታቤዝና የኔትወርክ ጥያቄዎች

ሁሉም ቦታ አልጎሪዝም አይጠይቅም። የባንክና የክፍያ ሥርዓት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ስለ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከአንድ ሒሳብ ገንዘብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይገባ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? መልሱ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ማሰር ነው፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ኔትወርክ ዘግይቶበት ደንበኛው "ላክ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ቢጫነውስ? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረውና ያንኑ ቁጥር ይዞ ዳግም የመጣ ጥያቄ ገንዘብ ሳያንቀሳቅስ የመጀመሪያውን መልስ እንዲያገኝ ይደረጋል። ኢንዴክስ፣ ማለትም የዳታቤዙ ማውጫ፣ ፍለጋን እንደሚያፋጥን ብቻ ሳይሆን መመዝገብን እንደሚያዘገይም ተናገሩ።

ለኔትወርክ ሥራ የሚያመለክቱ ደግሞ የኔትወርክን ሥራ የሚከፋፍሉትን ሰባቱን የኦኤስአይ ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከመዘርዘር ይልቅ፣ "ኢንተርኔት የለም" የሚል ደንበኛ ሲደውል ከገመዱ ጀምረው እስከ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት) ድረስ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈትሹ መናገርን ይለማመዱ።

"እኔ" ማለትን መልመድ

ስለ ራሳችሁ ስትጠየቁ የሚያጋጥም አንድ የባህል ችግር አለ። በአስተዳደጋችን "እኔ ሠራሁ" ማለት ጉራ ስለሚመስል የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲጠየቅ ሁሉም "እኛ ሠራን" ይላል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ጠያቂው ግን የሚቀጥረው ቡድኑን ሳይሆን አንዱን ሰው ስለሆነ፣ ለ"እኛ" የሚሰጠው ነጥብ የለውም። ስለዚህ ችግሩ ምን እንደነበረ፣ በእናንተ ላይ የወደቀው ድርሻ የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁና ምን ውጤት እንደተገኘ በዚሁ ቅደም ተከተል ተናገሩ፤ የጓደኞቻችሁንም ድርሻ በስም ለይታችሁ መስጠት ሐቀኝነታችሁን ያሳያል። ያልተሳካ ሥራ ሲጠየቅም የተሳሳታችሁትን በቀጥታ ተናግራችሁ ቀጥሎ ምን እንደለወጣችሁ አስረዱ። የማታውቁትን "አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ" በሉ።

የድሬና የሐረር ሰው ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" እያለ በፍቅር እንደሚጠራ ይታወቃል፤ እኔም በዚሁ አድጌያለሁ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ጠያቂ ግን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው ስለሚችል፣ እሱ ራሱ እስኪፈቅድ ድረስ "እርስዎ" በሉ።

ሰዓት፣ መብራትና ጸጥታ

የቀጠሮ ሰዓት ስሕተት የብዙ ሰው ዕድል አበላሽቷል። በኢሜይል የመጣላችሁ ቀጠሮ ከቀትር በፊት 10 ሰዓት የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው፤ "10 ሰዓት" የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊገኝ ይችላል። የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ለንደን ግን በክረምታቸው በ3፣ በበጋቸው በ2 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ይቀራል። ቀጠሮውን ስትቀበሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ አረጋግጡ። ሲቪ ላይም ለውጭ ድርጅት የምትጽፉት የምረቃ ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው እንዳለ ከጻፈው የስምንት ዓመት ልምድ የደበቀ ይመስላል።

ላፕቶፑን በዋዜማው ሙሉ ለሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ቢጠፋ ወይም አንዱ ኔትወርክ ቢደክም በሌላው መቀጠል እንድትችሉ ሁለት የተለያዩ ሲም ካርዶች ላይ ዳታ ሙሉ። ንግግሩ እንደተጀመረ፣ መስመር ቢቋረጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደምትመለሱ ተናገሩና የስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ቬንትሌተር ለእኛ ከሙቀት ያድነናል፤ በማይክ ሲሰማ ግን ንፋስ ውስጥ የቆምን ያስመስለናል፤ ስለዚህ ክፍሉን አስቀድማችሁ አቀዝቅዛችሁ አጥፉት፤ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫም ተጠቀሙ። ባጃጅ ከሚበዛበት መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ለዚያ አንድ ሰዓት የዘመድ ቤት ጓዳ መለመን ይሻላል።

ደመወዝ ሲጠየቅ ያልተጣራውን ነው ወይስ የተጣራውን ብላችሁ ለዩ፤ ከደመወዙ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳልና። ለቃለ መጠይቅ ወይም ለምዝገባ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ያ ቀጣሪ አይደለም።

ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ፣ ሳይረሳችሁ በዚያው ቀን የተጠየቃችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ ያልመለሳችሁትን በማግሥቱ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ካልተቀበሏችሁ በአጭር ኢሜይል አመስግናችሁ የትኛው ክፍል እንደጎደለ ጠይቁ፤ ሁሉም ባይመልስም የሚመልስ አለ። ደብተሩን ከእናንተ በኋላ ለሚመጡ ተመራቂዎች ስታካፍሉ፣ ድርጅቱ በምስጢር እንድትይዙለት የጠየቃችሁን ጥያቄ ለይታችሁ አስቀሩና እንዴት እንዳሰባችሁበት ብቻ ንገሯቸው።