የማይታየውን በሽታ በብርጭቆ ውሃ ማሳየት

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አባላዘር በሽታ የምታስተምሩ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች፣ የቆሰለ ብልት ፎቶ ይቅርባችሁ። ልጆቹ ይሳቀቃሉ፤ ከዚያ «እኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ተረጋግተው ይወጣሉ። ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ግን ምንም ምልክት አያዩም። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስልም አያምም፤ ባይታከም እንኳ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል፣ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ይህን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሙከራ አለ። ከዋዜማው ጨውም ዘይትም ሳይገባበት መኮሮኒ የተቀቀለበትን ውሃ አስረጉ። 12 ብርጭቆ እስከ ሲሶው ንጹህ ውሃ ሙሉ፤ በአንዱ ላይ ከጠለለው የመኮሮኒ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ድፍርሱ ከገባ ውሃው ይነጣና ገና ሳትጀምሩ ይታወቅባችኋል። ብርጭቆዎቹን ከሥር ቁጥር ስጧቸው፤ የትኛው እንደሆነ ከእናንተ በቀር ማንም አይወቅ።

ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ውሃውን በሌላው ብርጭቆ ላይ ይገልብጥ፣ አዋህደው እኩል ይካፈሉ። ሰው እየቀያየሩ 3 ዙር ያድርጉ። ሁለት ልጆች ከማንም ጋር አይቀላቅሉ። በመጨረሻ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን በየብርጭቆው 2 ወይም 3 ጠብታ ጣሉ፦ ንጹሁ ቢጫ ይሆናል፣ የመኮሮኒው ውሃ የደረሰበት ይጠቁራል። ከአንድ ብርጭቆ የተነሣው እስከ 8 ሊደርስ ይችላል። ውሃው ትኩስ ከሆነ ቀለሙ አይወጣም፤ ስለዚህ ቤት ሞክሩት። አዮዲን ዩኒፎርም ላይ ከፈሰሰም በቀላሉ አይለቅም።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው «ማን አመጣው?» የሚለው አደን ነው፤ ቁጥሩን በፍጹም አትናገሩ፣ «በዓይን መለየት ይቻል ነበር?» ብላችሁ መልሱ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ልጆቹ በሽታው ብርጭቆ በመጋራት የሚተላለፍ ሊመስላቸው ይችላል። እንደማይተላለፍ፣ ሙከራው የሚወክለው ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነትን እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው።

ቀጥሎ ጥያቄ የሚጻፍበት እኩል የተቆረጠ ወረቀት አድሉ። ጥያቄ የሌለውም «የለኝም» ብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ እስክሪብቶ ያነሣው ሁሉ ይታያል። ጨብጥ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት ይመጣል ወይ የሚል ጥያቄ አይጠፋም። አትሳቁ፤ በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን፣ ማቃጠሉ ሲሸኑ ስለሚሰማ ሰው ሽንቱን እንደሚጠረጥር አስረዱ።

ስለ ሕክምና ሳትናገሩ አትውጡ። ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ቂጥኝ ይድናሉ፤ የፍቅር ጓደኛ አብሮ ካልታከመ ግን በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከሰው የተካፈሉት እንክብል መፍትሔ አይሆንም። ተገዶ የተደፈረ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤችአይቪን የሚከላከል የ28 ቀን መድኃኒት ይጀመርለታል፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ኮንዶም ላይ ቫዝሊን አይቀባም፤ ላስቲኩን ያሳሳዋል። በግንኙነት በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣውን የማህፀን በር ካንሰር የሚከላከለው ክትባት ደግሞ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው።

ከትምህርቱ በፊት ሠፈር ያለውን ጤና ጣቢያ ጎብኙ። ለወጣቶች አገልግሎት የሚሰጠው በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቃችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆሞ «ምንህን ነው ያመመህ?» የተባለ ልጅ «ራሴን» ብሎ ይመለሳል።