ልጅ ነፍስ ከማወቁ በፊት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ብዙ ወላጆች ስለ ልጃቸው አእምሮ በቁም ነገር ማሰብ የሚጀምሩት የመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ሲደርስ ነው። የአንጎል መሠረት ግን የሚጣለው በማህፀን ውስጥ ሲሆን፣ እጅግ ፈጣኑ ዕድገቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የሚታይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት «ገና ሕፃን ነው፤ ምን ያውቃል?» ከሚለው እምነት በመሆኑ፣ ልጅ በሚወደድበትና በሚሳሳለት ቤት ሳይቀር ይፈጸማሉ።

የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትልን ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ማቆየት ነው። ወደፊት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ከፅንሰቱ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ በውል አያውቁም። የቱቦውን አለመዘጋት ለመከላከል የሚረዳው ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከእርግዝናው በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲወሰድ የሚመከረው ስለዚህ ነው። በአራተኛው ወር የሚጀመር እንክብል ለእናትየዋ ደም ቢጠቅምም ለዚህ ጉዳይ ግን ጊዜው አልፎበታል። በአገራችን የነርቭ ቱቦ አለመዘጋት በስፋት የሚታይ በመሆኑ፣ ለመውለድ ያሰበች ሴት ሳታረግዝ ጤና ጣቢያ ሄዳ ብትመካከር ይበጃታል።

አዮዲንም እንደዚሁ ችላ ይባላል። በእርግዝና ጊዜ ክፉኛ ሲያንስ የልጁን የማሰብ ችሎታ ለዘለቄታው ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ሲጨመር፣ አዮዲኑ ይባክናል። ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር። «ትንሽ ጠላ ጉልበት ይሰጣል» የሚለውም ምክር ሊቀር ይገባል፤ በእርግዝና ወቅት ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም።

ከወሊድ በኋላ የሚፈጸመው አደገኛ ስህተት ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ የሆነን አራስ «ፀሐይ ይሙቅ» ብሎ ቤት ማቆየት ነው። ብጫነቱ በአብዛኛው በራሱ የሚጠፋ ቢሆንም፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ እስከ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ወይም ሕፃኑ ደንዝዞ መጥባት ካቃተው፣ ቢሊሩቢን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎሉን ጎድቶ መስማት እንዳይችል ወይም አካሉን ማዘዝ እንዳይችል ሊያደርገው ይችላል። በሆስፒታል በሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ሕክምና ይህን ስለሚከላከል፣ ሳይውል ሳያድር መውሰድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይልቅ ልቆምበት የምፈልገው ስህተት ልጁ ከጠገበና ከተኛ ሌላ አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ ነው። ፅንስ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃንም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። የሦስት ወር ሕፃን ታጥቦ ቅባት ሲቀባ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። «አግ» የሚል ድምፅ ያወጣና የእናቱን ፊት እያየ ይጠብቃል፤ እሷም «እ? ምን አልክ የኔ ጌታ?» ብላ ዝም ስትልለት፣ እግሩን እያወራጨ «አጉ» ብሎ ይመልሳል። መናገርና ማድመጥ በተራ መሆኑን የሚማረው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ግንኙነት መጓደል ምን እንደሚያስከትል በሮማንያ ታይቷል። የአገሪቱ መሪ የነበረው የቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ፣ በማሳደጊያ የተገኙት እጅግ ብዙ ሕፃናት ሰው ሆኖ የሚያቅፋቸውና የሚያነጋግራቸው ቋሚ አሳዳጊ አልነበራቸውም። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ ጥናት ሲጀምሩ፣ ከ136 ሕፃናት ከፊሎቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲገቡ ተደረገ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገታቸው በማሳደጊያ ከቀሩት የተሻሉ ሲሆን፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ይበልጥ አገገሙ። ስለዚህ ሞግዚት የምትቀጥር እናት ስለ ንጽሕናዋና ስለ ታማኝነቷ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ ልጁን ታጫውተው፣ ታነጋግረው እንደሆነም ታጣራ፤ ሞግዚት በየወሩ መቀያየርም የሚቻል ከሆነ ይቅር።

ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን ይገልጻል።

ውጭ አገር የሚኖሩ፣ አሁን አሁን አዲስ አበባም ያሉ ወላጆች «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል» በማለት አማርኛን ከቤት ያስወጣሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የአእምሮ ዕድገትን አያዘገይም። የሚጎዳው ወላጅ በቅጡ በማይችለው እንግሊዝኛ አጫጭር ትእዛዝ ብቻ እየሰጠ፣ ተረቱንና ቀልዱን፣ ረጅሙን ወግ ከልጁ ሲያስቀር ነው።

የመጨረሻው «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እያሉ መጠበቅ ነው። ልጆች እኩል አያድጉም፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደሩ መጨነቅም አይገባም። ሆኖም ዓመት ሞልቶት «ባባ»፣ «ዳዳ» እያለ ድምፅ የማያወጣ፣ በጣቱ የማያመለክት ወይም እጁን የማያውለበልብ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ በማንኛውም ዕድሜ የያዘውን ቃል የተወ ልጅ መታየት አለበት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ኦቲዝም (ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚያውክ የዕድገት ችግር) ላለባቸው ልጆች ማዕከል ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች እንደ እርግማን ተቆጥረው በየጓዳው ይደበቁ ነበር፤ ዛሬም መደበቁ ፈጽሞ አልቀረም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በመጀመሪያ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ፤ ልጅ በእንግዳ ፊት ጠባዩ ስለሚለወጥም ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲጠራ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይዛችሁ ብትቀርቡ ለሐኪሙ ይረዳዋል።