ሚክሰር ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ኮምፒውተር የሚገባውን ቁጠሩ

የቀረጻ ክፍሌ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ ከቤታችን ጓሮ ያለች፣ ቀድሞ እህል እናስቀምጥባት የነበረች ክፍል ናት። ግድግዳዋን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። ጣሪያዋ ግን ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ማይክሮፎኑን አጥፍተን ቡና እናፈላለን። በዚህች ክፍል የሠርግ ዘፈን ቀርጫለሁ፣ መዝሙር ቀርጫለሁ፣ ብዙ ክራር ቀርጫለሁ። ሰዎች ሲደውሉልኝ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ "ስንት ቻናል ሚክሰር ልግዛ?" ብለው ነው፤ ሚክሰር የድምፅ መቀላቀያው መሣሪያ ነው፣ ቻናል ደግሞ ወደ እርሱ የሚገባ አንድ የድምፅ መስመር። እኔም ስጀምር የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ የተሳሳትሁትም እዚያው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ሚክሰር ስገዛ "ባለ 8 ቻናል ነው፣ ከኮምፒውተርም ጋር ይገናኛል" ተብዬ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ አዛውንት የክራር ተጫዋች ከማሲንቆና ከከበሮ መቺ ጋር መጡ። አራት ማይክሮፎን ዘረጋሁ፤ አንዱን ለክራሩ፣ አንዱን ለማሲንቆው፣ አንዱን ለከበሮው፣ አንዱን ለእርሳቸው ድምፅ። እስኪመሽ ተጫወቱ። በማግስቱ ጠዋት ሊሰሙት ተመለሱ። አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ልጄ፣ ከበሮው ክራሬን ውጦታል። እስቲ ከበሮውን ብቻ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ" አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው አንድ የግራና አንድ የቀኝ መስመር ብቻ ነው። አራቱም ድምፆች ተበጥብጦ እንደ በሰለ ሽሮ አንድ ሆነዋል። "ጋሼ፣ ከበሮው ለብቻው አልተቀረጸም" አልኳቸው። ሚክሰሩን ትኩር ብለው አዩና "ታዲያ ይህ ሁሉ ቁልፍ ለምንድን ነው?" አሉ።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሚክሰር ስሙ እንደሚለው ብዙ ድምፅ ተቀብሎ ይቀላቅልና አንድ አድርጎ ያወጣል። ለመድረክም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሠርግ ድንኳንም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ቅልቅሉን ነውና። ለቀረጻ ግን እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ ትራክ፣ ማለትም ለብቻው በተቀረጸ መስመር፣ ተለያይቶ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ነገ ከበሮውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ብዙ ባለ ዩኤስቢ ሚክሰሮች ደግሞ ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት ቅልቅሉን ብቻ ነው። ያማሃ ኤምጂ 10 ኤክስዩን ውሰዱ። በሥራው የማደንቀው፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ባለ 10 ቻናል ነው፤ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ግን 2 ብቻ ነው። ቤሪንገር ዜኒክስ ኪው 802 ዩኤስቢም እንዲሁ 2 ነው። ይህ የዕቃዎቹ ጉድለት አይደለም፤ የተሠሩት ለዚያ ነው።

ቻናልን ሁሉ ለየብቻ የሚልኩ ሚክሰሮች አሉ፤ ስትጠይቁ "መልቲትራክ" በሉ። ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ኤምቲኬ 14 መስመር ወደ ኮምፒውተር ያስገባል፣ 12 ይመልሳል። ዙም ላይቭትራክ ኤል 12 እና ታስካም ሞዴል 12 ከኮምፒውተር ጋር ከመገናኘታቸው በላይ ራሳቸው ላይ በሚሰካ የኤስዲ ካርድ ትራኮቹን ለያይተው ይቀርጻሉ። ላፕቶፓችሁ ያረጀ ከሆነ፣ ወይም ማኅበረ ምእመናን አዳራሽ ድረስ ሄዳችሁ መዘምራን የምትቀርጹ ከሆነ፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትቆጥሩት በአንድ ጊዜ የሚሰማውን ድምፅ ነው። የሚክሰሩ ቁልፍ ብዛት ቆይቶ ይደረስበታል። ብቻችሁን ክራር እየመታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ሁለት ነው። ኪቦርዱን ዛሬ፣ ድምፁን ነገ፣ አጃቢውን ከነገ ወዲያ የምትቀርጹም ከሆነ፣ ዘፈኑ በመጨረሻ 30 ትራክ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ከሁለት አይበልጥም። ለእንዲህ ያለ ሰው ሚክሰር አልመክርም። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለ ባለ ሁለት መግቢያ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ ሣጥን፣ ይበቃዋል። ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚወስድ፣ በጥሩ ግጥም መሀል መብራት ቢጠፋ ቀረጻው አይቋረጥም። መብራቱ ሲሄድ አምፖሉ ብቻ ጠፍቶ ዘፋኟ በጨለማው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘፈነችበት ቀረጻ አለኝ፤ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው።

አራት ሰው አብሮ የሚጫወት ከሆነ ግን ቢያንስ አራት የማይክሮፎን መግቢያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ወጥመድ አለ። ሚክሰር ላይ የተጻፈው የቻናል ቁጥር ሁሉ ማይክሮፎን ይቀበላል ማለት አይደለም። ከላይ ያነሣሁት ባለ 10 ቻናል ያማሃ የማይክሮፎን መግቢያው 4 ነው፤ የቀሩት ለኪቦርድና ለመሳሰለው በግራና በቀኝ ጥንድ ሆነው የተቆጠሩ ናቸው። ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ገመድ የሚገባባቸውን ክብ ቀዳዳዎች በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ወጥመድ የዩኤስቢ ቀዳዳው ነው። ገበያ ላይ ከሚገኙት ርካሽ ሚክሰሮች ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ጠፍጣፋ የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ ሰክቶ ሙዚቃ ለማጫወት ብቻ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ከኋላ ወይም ከጎን ያለው፣ የፕሪንተር ገመድ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ እንደ ስልክ ቻርጀር ያለው ሞላላው። ሻጩ "ዩኤስቢ አለው" ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ አሳዩኝ በሉት።

ኮንደንሰር፣ ማለትም ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማይክሮፎን ካላችሁ መሣሪያው በገመዱ በኩል 48 ቮልት መስጠት አለበት፤ እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን አይፈልገውም። ፒካፕ፣ ማለትም የጅማቱን ንዝረት በገመድ የሚያወጣ መሣሪያ፣ የተገጠመለት ክራር ያላችሁ ደግሞ ለጊታር ተብሎ የተለየ መግቢያ መኖሩን አረጋግጡ። ተራ መግቢያ ላይ ሲሰካ ክራሩ ደብዝዞና ከስቶ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ጥፋቱን ክራሩ ላይ ያደርጋል፣ ጅማት ይቀይራል፣ ለውጥ ግን የለም።

ሚክሰርን ከልቤ የምወድበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የጆሮ ማዳመጫው ነው። ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ሲመለስ ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ድምፁን በትንንሽ ናሙና እያጠራቀመ ነው የሚሠራው፤ በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና (48 ኪሎኸርትዝ) ሲወስድ፣ የ256 ናሙና ማቆያ ብቻውን ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፤ የመግቢያውና የመውጫው ሲደመር ደግሞ ይጨምራል። ለከበሮ መቺ ይህች መዘግየት ትሰማዋለች፤ እጁና ጆሮው ይጣሉበታል። በሚክሰር ግን ድምፁ ኮምፒውተሩን ሳይዞር በቀጥታ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ዘፋኟ "የራሴን ድምፅ ጨምርልኝ" ስትል አንድ ቁልፍ ታዞራላችሁ፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ "የእኔን ቀንስ" ሲል ሌላውን። ብዙ ሰው በአንድነት ለሚቀርጽ ይህ ብቻውን የሚክሰሩን ዋጋ ያስረሳል።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ልምጣ፤ ብዙዎች ኮንትሮለር የሚሉት ማለት ነው። መልኩ ሚክሰር ይመስላል፤ ፌደሮች፣ ማለትም የድምፁን መጠን የሚያስተካክሉ ተንሸራታች መያዣዎች፣ አሉት፣ ቁልፎች አሉት፤ ድምፅ ግን በውስጡ አያልፍም። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚልከው፦ "3ኛውን ትራክ ከፍ አድርግ፣ 5ኛውን ዝም አሰኝ" እያለ። የሰፈራችን አንድ ወጣት በዘመድ በኩል ከውጭ አስመጥቶ ማይክሮፎን የሚሰካበትን ቀዳዳ ሲፈልግ አመሸ። ማይክሮፎን መሰኪያ የለውም፤ ስለዚህ ኢንተርፌስ ወይም ሚክሰር የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ አይግዛ።

ጥቅሙን የተረዳሁት በክራር ተጫዋቹ በጋሼ እጅ ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሰው መጡና በአራት ትራክ ለያይቼ ቀረጽኳቸው። ሲያዳምጡ ማውሱን ብሰጣቸው ያዙትና ግራ ገባቸው። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን አስጠጋሁላቸውና "ከበሮው ይኸውልዎት" ብዬ ፌደሩን አሳየኋቸው። በሌባ ጣታቸው ቀስ እያደረጉ ሳቡት። ክራሩ ከከበሮው ሥር ብቅ አለ፤ ቆሙ፤ ትንሽ መለሱት። ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ ያዙ። በትዝታ ቅኝት ስንኙ ሲያልቅ ድምፃቸው ወደ ትንፋሽ ይወርዳል፤ እዚያች ላይ ሲደርስ ጣታቸው ከፍ ያደርገዋል፣ ቀጣዩ ስንኝ ሲነሣ ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩ የጣታቸውን መንገድ ሁሉ መዘገበው። በማውስ ነጥብ በነጥብ ልሥራው ብል ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ የእርሳቸውንም እስትንፋስ አልከተለውም።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ? ዋናው ልዩነት ሞተር ነው። "ኮርግ ናኖኮንትሮል 2" ስምንት ትንንሽ ፌደሮች አሉት፤ ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ በዩኤስቢ ይሠራል። ሞተር ግን የለውም። 8 ፌደር ይዛችሁ 16 ትራክ ስትሠሩ ከመጀመሪያዎቹ 8 ወደ ቀጣዮቹ ትቀያይራላችሁ። ያን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለው ፌደር ከስክሪኑ ጋር አይገጥምም፤ ስትነኩት ድምፁ ድንገት ዘሎ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ከዝምታ እስከ ጫፍ የሚቆጥረውም 128 ደረጃ ብቻ ስለሆነ ለረቂቅ ሥራ ሻካራ ነው። ቤሪንገር ኤክስ ተች ግን ሞተር ያላቸው 9 ፌደሮች አሉት፤ ስትቀያይሩ ፌደሮቹ ራሳቸው ተንቀሳቅሰው ትክክለኛው ቦታቸው ላይ ይቆማሉ። እኔ የምመክረው ግን ባለ አንድ የሞተር ፌደር የሆነውን ነው፤ ፕሪሶነስ ፌደርፖርት ወይም ኤክስ ተች ዋን። ብቻውን የሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ በትኩረት የሚያንቀሳቅሰው አንድ ትራክ ነው፤ ትርፍ ብሩን ማይክሮፎን ላይ ያውለው።

የሙዚቃ ፕሮግራማችሁ ሰሌዳውን ማወቁን ሳታረጋግጡ አትግዙ። "ማኪ ኮንትሮል" የሚለውን የመግባቢያ ቋንቋ የሚናገር ሰሌዳ ሎጂክ፣ ኩቤዝና ሪፐር ከሚባሉት የመቅረጫ ፕሮግራሞች ጋር ይግባባል። ሪፐርን 60 ቀን በነጻ መሞከር ይቻላል። ሪፐር ያላችሁ ደግሞ ምንም ሳትገዙ ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ በስልካችሁ ብራውዘር ፕሮግራሙን የምታዙበት ገጽ አለው። ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ የኢንተርኔት ዳታ አይበላም። የስልክ መስታወት የፌደርን ያህል ለጣት አይመችም፤ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ቆሞ ቀረጻ ለማስጀመርና ለማቆም ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ስትገዙ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ ማስማማት ነው፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል። አንዳንድ ትንንሽ ሚክሰሮች ደግሞ የራሳቸው የተለየ አዳፕተር ስላላቸው፣ ከሌላ ዕቃ የተረፈ ቻርጀር አይሆናቸውም። አዳፕተሩ የጠፋ ሚክሰር በርካሽ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ።

ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፕ፣ ማይክሮፎን፣ ገመድና የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። የዕቃውን ድራይቨር፣ ማለትም ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከቤት ጫኑ፤ ዊንዶውስ ላይ ያለ እርሱ ሁሉም መስመር ላይታይ ይችላል። ማይክሮፎኑን በየቀዳዳው እያዛወራችሁ ተናገሩበት። ድምፁን እየሰማችሁ እያንዳንዱን ፌደርና ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር አንቀሳቅሱ፤ ከተንጫጫ አቧራ ገብቶበታል፣ ይጠረግ ይሆናል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን አልቋል። ማይክሮፎኑን ነቅላችሁ መግቢያውን ከፍ አድርጉና የራሱን ሹሹታ ስሙ። በመጨረሻ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የትራኩን የመግቢያ ዝርዝር እዩ፤ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጠሩ። ዝርዝሩ 2 ላይ ካቆመ፣ አብረው የሚጫወቱት ሰዎቻችሁ ደግሞ አራት ከሆኑ፣ ሻጩን አመስግናችሁ ላፕቶፑን ዝጉ።